ቫዮሊን በኅብረት

የካ ሚካኤል አካባቢ ላደገ ልጅ በደጋን የሚመታ መሣሪያ እንግዳ አይደለም፤ ማሲንቆን ሠርግ ላይ ሰምቶታል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ሲኖረው ቫዮሊን አራት አለው። በሁለቱም ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ዳኛው ጆሮ ነው።

አዝማሪው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማሲንቆ ይሠራል፤ የኦርኬስትራ ቫዮሊኖች ግን ብዙ ሆነው አንድ ዜማ ይይዛሉ። አብሮ መጫወት ለሠፈሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ ሲመለስ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እርስ በርስ እየተደማመጡ ይሄዳሉ።

ለሕፃናት ሙሉ መጠን ያለው ቫዮሊን ልክ አይሆንም፤ 1/2፣ 1/4፣ እስከ 1/16 የሚደርሱ ትንንሽ ቫዮሊኖች አሉ። ጀማሪው ገና ጣቱን ማሳረፍ ሳይችል ከቡድን ጋር መጫወት ይችል ይሆን?

ይችላል። አራቱ ክሮች ያለ ጣት ሲመቱ ሶል፣ ሬ፣ ላ እና ሚ ይሰጣሉ። ከዶ የሚነሳው የትዝታ ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አራቱም በቅኝቱ ውስጥ አሉ ማለት ነው። የበሰሉት ተማሪዎች ዜማውን ሲጫወቱ ጀማሪዎቹ ሶልን ወይም ላን ረዘም አድርገው ደጋን እየሳቡ ያጅባሉ።

ልምምዱ የሚጀምረው ክሮቹን በመቃኘት ነው። በብዙ ቦታ መነሻው በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ላ ነው። የሁለት ልጆች ላ ትንሽ ከተለያየ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል፤ ክሩ በመቃኛው ቀስ ተብሎ ሲስተካከል መርገብገቡ ይዘገያል፣ ከዚያም ይጠፋል። መምህር ሳይናገር ልጁ ስህተቱን በራሱ ጆሮ ያገኘዋል። ቀጥሎ ደጋን አለ፦ አንዱ ወደ ታች ሲስብ ሌላው ወደ ላይ ከገፋ ሐረጉ ይሰበራል፤ ስለዚህ አቅጣጫው ኖታው ላይ ይጻፋል።

በኢትዮጵያ የቫዮሊን ትምህርት ታሪክ ውስጥ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሉ። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊንን ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ጎን ለጎን ያስተምራል። ባህላዊ መሣሪያዎችን በኅብረት ካጫወቱት አንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው፤ ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት መካከል እ.ኤ.አ. በ1975 በቬኔዙዌላ የተጀመረው ኤል ሲስቴማ የተባለ የሙዚቃ ትምህርት ፕሮግራም ልጆችን ገና ከመጀመሪያው በኦርኬስትራ ውስጥ ያስተምራል።

ብልህ መምህር አንደኛና ሁለተኛ ቫዮሊኖችን በየጊዜው ቦታ ያለዋውጣል። ትናንት ዜማ የያዘው ልጅ ዛሬ አጃቢ ሲሆን፣ የጓደኛው ዜማ እንዲሰማ የራሱን ደጋን እስከ ምን ድረስ ማቅለል እንዳለበት ይለማመዳል።