በሰማይ ላይ የተሳሳተ ቁጥር

የበረራ ቁጥጥር ሥራ በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ተማሪው ሕጉን በክፍል ያጠናል፤ ለልምምድ በተሠራ ራዳር ፊት ተቀምጦ እጁን ያፍታታል፤ በመጨረሻ ግን ሰው የጫኑ እውነተኛ አይሮፕላኖችን መምራት አለበት። በዚያን ጊዜ ፈቃድ ያለው አሠልጣኝ ከጎኑ ይቀመጣል። ራዲዮውን አብሮ ይሰማል፤ ሲያስፈልግም የተለማማጁን ንግግር አቋርጦ ራሱ ያዝዛል። ኃላፊነቱም የአሠልጣኙ ነው።

ይህ ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በጃፓን አገር የደረሰ አንድ ነገር ያስረዳል። ጥር 23 ቀን 1993 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ በቶኪዮ የበረራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ አንድ የ26 ዓመት ተለማማጅ በአሠልጣኙ ፊት ይሠራ ነበር። ሁለት የጃፓን አየር መንገድ አይሮፕላኖች በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ግድም ይቀራረቡ ጀመር። በረራ 907 ከቶኪዮ ወደ ኦኪናዋ ይሄዳል፤ በረራ 958 ከኮሪያ ወደ ናሪታ ይመጣል። በሁለቱ የተሳፈሩት ሰዎች 677 ነበሩ።

ተለማማጁ 958ን «ዝቅ በል» ሊል አስቦ 907ን «ዝቅ በል» አለ። አሠልጣኟም የቁጥሩን መሳሳት ልብ አላሉትም። ወዲያው በየአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ 907ን ውጣ፣ 958ን ውረድ ሲል አስጠነቀቀ። የ958 አብራሪ መሣሪያውን ሲታዘዝ፣ የ907 አብራሪ የሰውን ቃል መርጦ መውረዱን ቀጠለ። እንግዲህ ሁለቱም ወደ ታች ሆኑ! በዚህ መካከል አሠልጣኟ ንግግሩን ተቀብለው «957» ብለው በመጥራት አዘዙ። በዚያ ሰማይ ግን 957 የሚባል በረራ አልነበረም። የ907 አብራሪ ሌላውን አይሮፕላን በዓይኑ አይቶ በኃይል ዘቅዝቆ ከሥሩ አለፈ። የለያያቸው ርቀት 135 ሜትር ያህል ነበር። የሞተ ባይኖርም 100 ሰዎች ተጎዱ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ1998 ዓ.ም. ሁለቱንም በነጻ አሰናበተ፤ ይግባኝ ሰሚው በ2000 ዓ.ም. ጥፋተኞች አላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2003 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። ለተለማማጁ 1 ዓመት፣ ለአሠልጣኟ 1 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈርዶ በገደብ ታለፈ። ቃሉን የሳተው ተለማማጁ ሳለ ቅጣቱ የከበደው በአሠልጣኟ ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እርግጥ ቅጣት ብቻውን ሰማዩን አያድነውም። እስራት የሚፈራ ሰው ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተትም ማንንም አያስተምርም። የሚጠቅመው ስሕተቱ የመጣበትን መንገድ መመርመር ነው። አሠልጣኟ ጣልቃ የገቡት ነገሩ ከረፈደ በኋላ ነበር፤ በጥድፊያ ደግሞ የባለሙያም አንደበት ይስታል። አሠልጣኝ ስሕተቱን መያዝ ያለበት ገና ከተለማማጁ አፍ ሲወጣ ነው።

ሁለተኛ ዓይን ጨርሶ ሲጠፋ የሚሆነውንም ዓለም አይቷል። ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌሊት በጀርመን አገር በዩበርሊንገን ከተማ አጠገብ ሁለት አይሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው 71 ሰዎች አለቁ። በስዊስ ጣቢያ ሆኖ ያንን ሰማይ ይጠብቅ የነበረው አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር፤ ባልደረባው ዕረፍት ላይ ነበር። በዚያም ጊዜ አንዱ አብራሪ መሣሪያውን፣ ሌላው የሰውን ቃል ታዘዘ። ከዚህ በኋላ ነው አብራሪ ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያውን እንዲከተል የዓለም አቀፉ ደንብ በግልጽ የተጻፈው።

በየመሥሪያ ቤቱም ነባሩ ሠራተኛ ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል። አዲሱ እየሠራ ነባሩ የሚያርፍ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ያን ዕለት ከቶኪዮው ራዳር ፊት ከነበሩት ሁለት ሰዎች የበለጠው ሥራ የማን እንደ ነበረ ያስብ።