ብርና ናቅፋ፦ የጋራ ገበያ ሲፈርስ ዕዳውን የከፈለው ማን ነበር?

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በኦክቶበር 2023 ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ወደብ በይፋ ከተናገሩ ወዲህ፣ እዚህ ፔታህ ቲክቫ ቡና በተፈላበትና ሰው በተሰበሰበበት የአሰብ ጉዳይ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየቀኑ ከወገኖቻችን ጋር ስለምንገናኝ ክርክሩን ከሁሉም በኩል እንሰማዋለን። አንዱ «ኤርትራውያን በእኛ ብር ነግደው ከበሩ» ይላል። በዚሁ ከተማ የሚኖረው ኤርትራዊ ጎረቤታችን ደግሞ «ኢትዮጵያ ናት ገበያዋን ዘግታ ልታስርበን የፈለገችው» ይላል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን «እንዴ፣ ሁለቱ አገሮች በአንድ ገንዘብ ነበር የሚገበያዩት? ታዲያ ለምን ተለያዩ?» ብለው ይጠይቁናል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሻዕቢያ አሥመራን በያዘበት በሜይ 24 ቀን 1991 የዘመቻ ሰሎሞን አውሮፕላኖች ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ከአዲስ አበባ ማንሣት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሰባት ዓመታት በዐይናችን አላየናቸውም። የሰማናቸው ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ፣ ከቁጣ ጋር ተቀላቅለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ የሚለውን ለመፍረድ ሳይሆን፣ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በተቻለን መጠን ለማብራራት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ

ቀረጥ ማለት አንድ ዕቃ ከአገር አገር ሲሻገር መንግሥት በጉምሩክ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። እዚህ አገር «መኸስ» የምንለው ማለት ነው። አዲስ ዓሊ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የቤት ዕቃ ሲያስመጣ ከዚህ ክፍያ ነጻ የመሆን መብት ስላለው ቃሉ ለማኅበረሰባችን እንግዳ አይደለም። ቀረጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ለመንግሥት ገቢ ማስገኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው የውጭውን ዕቃ አስወድዶ የአገር ውስጡን አምራች መከላከል ነው።

ሁለት አገሮች እርስ በርሳቸው ቀረጥ ላለመጠየቅ ከተስማሙ ነጻ የንግድ ቀጠና ይባላል። እስራኤልና አሜሪካ እንዲህ ያለ ስምምነት የተፈራረሙት በ1985 ነው። ይህ ውል እያለ እንኳ አሜሪካ በ2025 በእስራኤል ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ መጣልዋ፣ የተፈረመ ውልም ሊናጋ እንደሚችል አሳይቶናል።

ከዚህ የጠበቀው የጉምሩክ ኅብረት ነው። በዚህ ጊዜ አባል አገሮቹ ከሌላው ዓለም በሚመጣ ዕቃ ላይም አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ። በ1994 በፓሪስ የተፈረመው የእስራኤልና የፍልስጥኤማውያን የኢኮኖሚ ውል ወደዚህ የሚጠጋ ነው። ቀረጡን የምትሰበስበው እስራኤል ስትሆን ድርሻቸውን ለፍልስጥኤማውያን አስተዳደር እንድታስተላልፍ ተስማምተዋል። ገንዘቡ ይተላለፍ ወይስ ይያዝ የሚለው ጭቅጭቅም በየጊዜው በዜና የምንሰማው ነው።

የገንዘብ ኅብረት የሚባለው ደግሞ ሁለት አገሮች በአንድ ገንዘብ ሲገበያዩ ነው። እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። ገንዘቡን የሚያትመው፣ ዋጋውን የሚወስነው፣ ወለዱን የሚቆርጠው ማን ነው?

ገንዘቡ የጋራ፣ ባንኩ የአንዱ

ኤርትራ በኤፕሪል 1993 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ በሜይ 24 ቀን 1993 ነጻነቷን አወጀች። ከመራጩ 99.8 በመቶ ለነጻነት ድምፁን ሰጠ። የተጠየቀው ግን ስለ ነጻነት ብቻ ነበር። ስለ ብር፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ወደብ ክፍያ የኤርትራም ሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ የተጠየቀበት ጊዜ የለም።

በዚያው ዓመት ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ። ኤርትራ የራሷ ገንዘብ እስኪኖራት ድረስ በብር መጠቀሟን ቀጠለች። ኢትዮጵያ ባሕር በሯን አጥታ ነበርና በአሰብና በምጽዋ በነጻ ወደብነት እንድትገለገል ተስማሙ። ዕቃ በሁለቱ አገሮች መካከል በብር እየተሸጠ ይመላለስ ነበር። ከኤርትራ ወደ ውጭ ከሚላከው ዕቃ ከግማሽ የሚበልጠው ገዢው ኢትዮጵያ ነበረች። የኢትዮጵያ የባሕር ንግድም አብዛኛው የሚያልፈው በአሰብ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው የሚከብደው ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ብርን የሚመራው አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነበር። ለምሳሌ በኦክቶበር 1992 አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር እንዲሆን ሲወሰን፣ በአሥመራ ያለው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ብርም አብሮ ወደቀ። ገንዘቡ የጋራ ነው፣ ባንኩ ግን የአንዱ ነው። በእኛ አስተያየት የኋላው ጣጣ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይሉ ነበር?

በአዲስ አበባ የግል ጋዜጦችና ተቃዋሚዎች መንግሥትን «ለሻዕቢያ ያደላል» እያሉ ይከሱ ነበር። ዋናው ክስ የቡና ነበር። ቡና በኢትዮጵያ በብር ተገዝቶ በኤርትራ በኩል በዶላር ይሸጣል፤ ኢትዮጵያም የውጭ ምንዛሪዋን ታጣለች ይሉ ነበር። ቡና ለኢትዮጵያ ዋናው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለ ነበር ክሱ ሰሚ አላጣም። በትግራይ ደግሞ አዲስ ፋብሪካዎች እየተቋቋሙ ስለ ነበር ከአሥመራ ፋብሪካዎች ጋር ፉክክር ነበር።

ኤርትራውያን በበኩላቸው ኢትዮጵያ በቃል ነጻ ንግድ እያለች በተግባር በየኬላው ዕቃቸውን እንደምታግድ ይናገሩ ነበር። ድምፅ በሌላቸው ባንክ መመራትም የነጻ አገር ወግ አይደለም ባዮች ነበሩ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ወጪም ሌላ መጨቃጨቂያ ሆኖ ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን የሚያነሣው ነገር እውነት አለበት። አንድ አገር ምንዛሪው ሲያመልጠው ዝም ማለት አይችልም። ነጻ የሆነ አገርም የራሱን ገንዘብ ማተሙ መብቱ ነው። የጎደለው ክርክሩን በሠንጠረዥና በሒሳብ አድርጎ የሚፈታ፣ ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ ነው።

ኖቬምበር 1997

ኤርትራ በኖቬምበር 1997 ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። ስሙ ለታጋዮቹ ዋና ምሽግ ከነበረችው ከተማ የተወሰደ ነው። የኤርትራ ሐሳብ አንድ ናቅፋ ከአንድ ብር እኩል እንዲሆንና ሁለቱም ገንዘቦች በሁለቱም አገሮች እንዲሠሩ ነበር። ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። ምክንያቷ በቀላል አነጋገር ይህ ነው፦ ሁለት ባንኮች ለየብቻ እያተሙ ገንዘቡ እኩል ነው ከተባለ፣ አንዱ አገር ወረቀት አትሞ የሌላውን እህልና ቡና መግዛት ይችላል።

ኢትዮጵያም የራሷን የብር ኖት ቀየረች። ከኤርትራ ጋር የሚደረግ ንግድ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ንግድ በውጭ ምንዛሪና በኤል ሲ፣ ማለትም በባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ፣ እንዲሆን አዘዘች። ከዚህ ነጻ የተደረገው እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ የጠረፍ ንግድ ብቻ ነበር። ይህም በጊዜው ምንዛሪ 300 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። በኤርትራ የተሰበሰበው አሮጌ ብር ዕጣም ሌላ ክርክር ሆነ።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። አንድ የአዲግራት ነጋዴ እናስብ። ትናንት ጤፉን በጭነት መኪና ወደ ሰንዓፈ ወስዶ፣ ብሩን ቆጥሮ ተቀብሎ፣ ሲመለስ ጨው ወይም ጨርቅ ጭኖ ይመጣ ነበር። ዛሬ ግን ገዢው ዶላር ማግኘት አለበት፤ ባንክ ሄዶ ኤል ሲ መክፈት አለበት፤ ሻጩም የላኪነት ፈቃድ ማውጣት፣ ጉምሩክ ላይ መሰለፍ አለበት። ትልቁ ነጋዴ ጸሐፊና ጠበቃ አለው፣ ይችለዋል። ለአንድ መኪና ጤፍ የሚሮጥ ሰው ግን አይችለውም። የሚቀሩት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ መተው ወይም ኮንትሮባንድ።

ከስድስት ወር በኋላ

በሜይ 1998 በባድመ ውጊያ ተጀመረ። ጦርነቱን ያመጣው ናቅፋ ነው ብለን አንደመድምም፤ የወሰኑ ክርክር የቆየ ነበር፣ የመሪዎቹ ቂምም እንዲሁ። ሊቃውንትም በዚህ አልተስማሙም። ነገር ግን ገበያው የተዘጋው ከውጊያው በፊት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በገበያ የሚገናኝ ሕዝብ ለሰላም የሚከራከርበት ጥቅም አለው። ያ ጥቅም ቀድሞ ተቋርጦ ነበር።

በሁለቱ ዓመት ጦርነት የሞተው ሰው ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ኢትዮጵያ ኤርትራዊ ዘር አላቸው ያለቻቸውን 75 ሺህ ያህል ሰዎች አባረረች። በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም ተባረው ወይም ሸሽተው ወጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአሰብ ወደብ ጭነት እያወረዱ የሚኖሩ የቀን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። የኢትዮጵያ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ አሰብም ጭር አለች። አዲስ አበባ የወደብ ኪራዩን፣ አሥመራ ደግሞ ትልቁን ደንበኛዋን በማጣት እስከ ዛሬ ይከፍላሉ።

በ2018ም ያው ጉድለት

በጁላይ 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይና ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ አሥመራ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈራረሙ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በሴፕቴምበር 11 ቀን በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ድንበሩ ሲከፈት ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲላቀሱ በቴሌቪዥን አየን። ጤፍና ስሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ወደ አሥመራ ጎረፉ። ብርና ናቅፋም በመንገድ ላይ ይመነዘር ጀመር።

ይሁን እንጂ ቀረጡ ስንት እንደ ሆነ፣ ምንዛሪው በምን እንደሚተመን፣ የትኛው ዕቃ እንደሚያልፍ የሚገልጽ ለሕዝብ የታወጀ ደንብ አልነበረም። በዲሴምበር 2018 መጨረሻ በዛላምበሳ በኩል ማለፍ ተከለከለ። በጃንዋሪ 2019 የተከፈተው የሑመራና የኦምሐጀር መንገድም በኤፕሪል ተዘጋ። ከጎንደር ወደ ሑመራ ወርዶ ሰሊጥ ያጨደ ሰው በማኅበረሰባችን ብዙ ስለ ሆነ፣ የተከዜ ድልድይ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። ደንብ ያልተጻፈለት ገበያ በአንድ ቃል እንደ ተከፈተ በአንድ ቃል ይዘጋል።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ የምሥራቅ አፍሪካ ኅብረት ነበራቸው። የባቡር ሐዲዱ፣ አየር መንገዱ፣ ፖስታው የጋራ ነበር። በ1977 ኅብረቱ ፈረሰ፣ ታንዛንያም ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች። ሆኖም በአንድ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሸምጋይነት ለዓመታት ተቀምጠው ንብረቱንና ዕዳውን ቆጠሩ፤ በ1984ም የክፍፍሉን ውል አሩሻ ላይ ፈረሙ። ከዚያ በ1999 ኅብረቱን እንደገና አቋቋሙት። ሒሳቡ ስለ ተዘጋ በሩ ሊከፈት ቻለ።

ብሪታንያ ደግሞ በጁን 2016 ሕዝቧን ጠይቃ 51.9 በመቶው ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አለ። ክርክሩ ቤተሰብ እስከ መከፋፈል ደርሷል። የወጣችው ግን በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። ከዚያም የንግዱን ውል እስክትጨርስ ድረስ 11 ወር የመሸጋገሪያ ጊዜ ነበራት። ጭቅጭቁ አሰልቺ ነበር፤ ዳሩ ግን በፓርላማና በወረቀት ላይ አለቀ።

እኛ በሥራችን ፍቺ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ያጋጥሙናል። በአገር ቤት ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀምጠው ከብቱን፣ እህሉን፣ ብድሩን ሳይቀር እየቆጠሩ ያካፍሉ ነበር። እዚህም የፍቺ ውል ይጻፋል። ሒሳቡ ያልተጨረሰ ፍቺ ከትዳሩ የባሰ ጠብ እንደሚያመጣ፣ ልጆቹም እንደሚከፍሉበት በየጊዜው እናየዋለን። በመንግሥታትም ያው ነው።

ለእኛ ምን ይለናል?

ዛሬ ነገሩ ከ1997 ይልቅ ከባድ ሆኗል። ናቅፋ ለረጅም ዓመታት በአንድ ዶላር 15 ገደማ ተተምኖ ሲቆይ፣ ብር ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ስለዚህ ነገ ሰላም ወርዶ ድንበር ቢከፈት እንኳ «አንድ ለአንድ» የሚባል ነገር አይኖርም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጉምሩክና የምንዛሪ ደንብ ያስፈልጋል።

እኛ ከሩቅ ያለን ሰዎች በዚህ ላይ ሥልጣን የለንም። የምንናገረው ቃል ግን በእጃችን ነው። «ዘረፉን»፣ «አስራቡን» የሚል ንግግር ስንሰማ ጉዳዩ የቀረጥ ነው፣ የገንዘብ ነው፣ የወደብ ነው፣ ወይስ የወሰን ብለን እንጠይቅ። አራቱ የተለያዩ ናቸው፤ የየራሳቸው መፍትሔም አላቸው። አንድ ላይ ሲደባለቁ ግን የሚቀረው ጥላቻ ብቻ ነው።

በዚህ ከተማ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ፣ በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን ወደ አንድ መናፈሻ የሚያወጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ናቅፋ ይታተም ወይም ኤል ሲ ይከፈት ብሎ የወሰነ አንድም የለም። ወላጆቻቸው ግን በውሳኔው ሥራቸውን፣ ቤታቸውን፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን አጥተዋል። ስለ አሰብ ስንከራከር ይህን ብናስታውስ መልካም ነው እንላለን።

ሰላም ለሁላችን ይሁን።