ጉድኝት፦ ርዕሰ መምህራን የሚማማሩበት ቤት

ማለዳ እንጦጦ ፓርክ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የየካ መንደሮች እስከ ኮተቤ ድረስ ተዘርግተው ይታያሉ። በዚያች ሰዓት በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተማሪዎች ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ። ከሰልፉ ፊት የቆመውን ርዕሰ መምህር መዝሙሩ እንዳለቀ ብዙ ነገር ይጠብቀዋል፦ የቀረ መምህር፣ የተቋረጠ ውኃ፣ የምገባው ጉዳይ፣ ቢሮ በር ላይ የቆመ ወላጅ፣ ወረዳ የጠየቀው ሪፖርት። መምህራን በእረፍት ሰዓት ተገናኝተው ይመካከራሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ምክትል ቢኖረውም፣ የእሱን ሸክም የሚያውቅለት የሥራ አቻ በግቢው ውስጥ የለም። አቻዎቹ ያሉት በጎረቤት ትምህርት ቤቶች ነው።

እነሱን የሚያገናኘው ሥርዓት የጉድኝት ማዕከል ይባላል፤ ብዙዎች ክላስተር ይሉታል። ጉድኝት ከጓደኛ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ መጎዳኘት ማለት ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይቧደኑና አንዱ ማዕከል፣ የቀሩት ሳተላይት ይሆናሉ። የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ይደግፋል። ርዕሰ መምህራኑም በየጊዜው በማዕከሉ ይሰበሰባሉ። አሠራሩ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በፍጥነት ሲስፋፋ፣ በመላ አገሪቱ ሥር የሰደደ ነው። መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውሉ መመሪያው ያዛል፤ ጉድኝቱ ይህ ሰዓት ፍሬ ከሚያፈራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ስብሰባው ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቁጥር ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውም መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ በአንድ የጉድኝት ስብሰባ ላይ አንዲት ርዕሰ መምህርት፣ «ልጆቼ ሀ ሁ ሂ ብለው ሲቆጥሩ አንጀት ያርሳሉ። አንዷን ፊደል ለብቻዋ ነጥዬ ሳሳያቸው ግን ትጠፋባቸዋለች» ብላ አነሳች እንበል። ፊደላችን በ33 መስመርና በሰባት ቤት 231 ቅርጽ አለው። ልጁ ዜማውን ይዞ ቅርጹን ሳይለይ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ችግር ከመጽሐፍ ይልቅ በሥራ የሚያውቅ የጎረቤት ርዕሰ መምህር ይመልሳል፦ «እኛም ጋ ነበር። የአንደኛ ክፍል መምህራችን ፊደሎቹን በካርቶን ቆርጣ፣ በየቀኑ እያደባለቀች ታስነብባቸዋለች። ማክሰኞ መምህራንዎን ይዘው ይምጡና ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ይዩት።» ማክሰኞ ሄዳ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ካርቶኑ ከዱቄት ሳጥን የተቆረጠ ነው፤ በጀት አልጠየቀም። ጃፓኖች መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብተው የሚማሩበትን ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘውት ኖረዋል። የእኛም ጉድኝት ለዚሁ የተመቸ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ቅርብ፣ ችግራቸውም ተመሳሳይ ነውና።

የካ በዚህ ረገድ የታደለ ክፍለ ከተማ ነው። ለረጅም ዓመታት መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው የኮተቤ ተቋም ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እዚያው ኮተቤ ላይ ይገኛል። ተመራማሪውና ርዕሰ መምህሩ የሚኖሩት በአንድ ተራራ ግርጌ ነው፤ ለመማማር ሩቅ አይደሉም።

የጉድኝት ስብሰባ ግን በቀላሉ ይታመማል። የመጀመሪያው አጀንዳ ሪፖርት፣ ሁለተኛው መመሪያ፣ ሦስተኛው ዘመቻ ከሆነ፣ የንባቡ ጉዳይ «ሌሎች» በሚል ርዕስ ሥር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ነው። ሪፖርት በወረቀት ሊላክ ይችላል። ከጎረቤት ክፍል በዓይን አይቶ መማር ግን በወረቀት አይላክም። ስለዚህ የስብሰባው መጀመሪያ፣ አእምሮ ገና ትኩስ ሳለ፣ ለማስተማር ጉዳይ ሊሰጥ ይገባል። ቃለ ጉባኤውም ማን ምን እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን፣ ማን የማንን ክፍል ሄዶ እንደሚያይ በቀን ይመዝግብ።

ወላጆችም ድርሻ አለን። ስለ ልጃችን ልንጠይቅ ሄደን «ርዕሰ መምህሩ ጉድኝት ስብሰባ ሄደዋል» ስንባል ቅር አይበለን። ሲመለሱ ግን አንድ ጥያቄ ይዘን እንጠብቃቸው፦ «ከጎረቤት ትምህርት ቤት ምን ይዘውልን መጡ?»