የጎጃም መንገድ፦ ከመርካቶ እስከ መተማ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር የሚገባው አውራ ጎዳና በሕዝብ አፍ «የጎጃም መንገድ» ነው። በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋን፣ በአማራ ክልል ደግሞ ጎጃምን፣ አዊንና ጎንደርን ያቋርጣል። በካርታ ላይ መነሻው የከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ ቢመስልም ለተጓዡና ለነጋዴው መነሻው መርካቶ ነው። አዲስ ከተማ ውስጥ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ለረጅም ዘመን የክፍለ ሀገር ተሳፋሪ መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። ጎህ ሳይቀድ ረዳቶች «ማርቆስ! ባሕር ዳር! ጎንደር!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሻንጣውና ማዳበሪያው ጣሪያ ላይ ይወጣል። እዚያው መርካቶ ውስጥ እህል በረንዳ አለ። ጤፍ በረንዳው ላይ ዋጋ የሚቆረጥለት በጥራቱ ብቻ ሳይሆን በመጣበት አገርም ነው። የቢቸናና የደጀን ጤፍ ታዲያ የጫነው መኪና አባይን ካልተሻገረ ገበያ አይደርስም።

ጣሊያን በወረራው ዓመታት ለጦሩ ሲል በአገሪቱ ብዙ መንገድ ቆርጧል። የከተማዋን ትልቅ ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ አዲስ ከተማ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ፣ ያዞረውም ያኔ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ግን መንገዱን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤትም ገንዘብም አልነበረም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይቦረቡረው ነበር። መፍትሔው የመጣው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ መሆኑ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚሁ ዓመት ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የዚያ መሥሪያ ቤት ወራሽ ነው።

መንገዱ በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥቶ የእንጦጦን ሰንሰለት ይሻገርና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ጫንጮ ላይ ወደ ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወስደው ይገነጠላል፤ ይህን ክፍል ከባድ መኪና የሚያጨናንቀውም ለዚህ ነው። ከዚያ በሙከጡሪ፣ በደብረ ጽጌ፣ በፍቼና በገብረ ጉራቻ አድርጎ ጎሃ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ ሜዳማ ነው፣ አያስቸግርም።

ጎሃ ጽዮን ላይ መሬቱ ድንገት ወደ አባይ ሸለቆ ይከፈታል። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ግን 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት አለበት። ጭነት የያዘ መኪና በከባድ ማርሽ ካልወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሞተሩ ይፈላል። የተበላሸ መኪና ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይሰለፋል። በወንዙ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተሳፋሪም ጭነትም የሚሻገርበት የነበረው የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ዛሬም ቆሟል፤ ዕድሜ ተጭኖት የዘመኑን ከባድ መኪና መሸከም ግን አቅቶት ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን ያለው ክፍል ደረጃ በደረጃ እንደገና ተሠራ። ከአሮጌው ድልድይ ጎን ካጂማ የተባለው የጃፓን ኩባንያ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ገነባ፤ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ የሕዳሴ ድልድይ ይባላል። ከአጫጭር ማማዎች አናት ወደ ወለሉ የተወጠሩት ገመዶች ክብደቱን ስለሚጋሩ ወንዙ መሃል ብዙ ምሰሶ መትከል አላስፈለገም።

ድልድዩ ጸንቶ ቆመ፤ ተዳፋቱ ግን እንደ ድልድዩ አልሆነም። የሸለቆው ግድግዳ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና በቀላሉ የሚፈረፈር ጭቃ አዘል ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የክረምት ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ ለስላሳው ንብርብር ላይ ሲደርስ በላዩ የተጫነው አፈርና ድንጋይ እርጥብ ሳሙና ላይ እንደቆመ ሰው ይንሸራተታል። አስፋልቱም አብሮት ይሄዳል። አዲስ ተነጥፎ ብዙም ሳይቆይ አንዳንዱ ቦታ ተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ ሰመጠ፣ ጠርዙ ተሸበሸበ። የጃፓን ባለሙያዎች ተመልሰው መጥተው የመሬት መንሸራተቱን ለብቻው ማጥናት ነበረባቸው። እዚህ ላይ አስፋልት ማወፈር ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ዋናው ሥራ ውኃውን መንገዱ ሥር ሳይደርስ በቦይ አውጥቶ ማስወገድ ነው፤ እሱ ደግሞ ለምርቃት የሚያምር ሥራ ስላልሆነ ቶሎ ይረሳል።

ሌላው ጠላት የጭነት ብዛት ነው። በአሜሪካ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በተደረገ ትልቅ ሙከራ እንደታየው፣ በመኪና አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ባለ መኪናው ከመጠን በላይ ሁለት ሦስት ኩንታል ቢጨምር ትርፉ ለእሱ ነው፤ ጉዳቱን የሚከፍለው ግን ሁሉም ነዳጅ ቀጂ ነው፤ ምክንያቱም በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ የጥገናውን ገንዘብ የሚሰበስበው በዋናነት ከነዳጅ ሽያጭ ነው።

ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከአዲስ አበባ 485 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል፤ 560 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ረጅሙ በከተሞቹ ብዛትና በመገንጠያዎቹ ይበልጣል፦ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ፣ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒና የሕዳሴው ግድብ ወዳለበት ወደ ጉባ ይወጣል።

ባሕር ዳር ላይ መንገዱ አባይን እንደገና ይሻገራል፤ እዚህ ወንዙ ከጣና ገና መውጣቱ ስለሆነ ገደል የለም፣ ያለው የከተማ ጭንቅንቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከዚያ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ አዘዞና ጎንደር ይከተላሉ። ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ የሚሄደው ይለያል፤ ከአዘዞ ደግሞ አንዱ ቅርንጫፍ ምዕራቡን ይዞ መተማ ላይ ሱዳን ድንበር ይደርሳል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዱ በተለያየ ጊዜ ተዘግቷል። በእነዚያ ቀናት ከጎጃም የሚነሳው የእህል መኪና ባለበት ይቆማል፤ ከመርካቶ ወደ ሰሜን የሚሄደው ቆርቆሮ፣ ጨርቃ ጨርቅና የመኪና ዕቃም መጋዘን ውስጥ ይከርማል።