ሕፃን ልማድን እንዴት ይማራል?

በአዲስ አበባ ቄራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ነው። እኛም በዚያ ለሥራ ስንመላለስ ውሾቹን እናያለን። የሥጋ መኪና ገና ከሩቅ ሲያጓራ ከተኙበት ብድግ ይላሉ፤ ለሃጫቸው ይዝረበረባል። ሥጋውን ግን ገና አላዩትም፤ ሽታውም አልደረሳቸውም። ታዲያ በመኪና ድምፅ ምን አስጎመጃቸው? ድምፁና ሥጋው ሁልጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ ነው።

ይህን ነገር መርምሮ የገለጠው ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለ የመስኮብ አገር ሊቅ ነው። እርሱም ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ለውሻው ምግብ ሊሰጥ ሲል አስቀድሞ ድምፅ ያሰማው ነበር። ይህን ደጋግሞ ካደረገ በኋላ ድምፁ ብቻውን ምራቅ አመጣ። ደግሞ ድምፁን ያለ ምግብ ቢደጋግመው ምራቁ እያነሰ ሄዶ ቀረ።

ሕፃንም እንዲሁ ይማራል። እናቶች ልጅ ሲያለቅስ፦ «ዝም በል፣ ሐኪሙ መጥቶ ይወጋሃል!» ትላላችሁ። በእውነት ይህ አነጋገር ያሳዝነናል። ልጁ ነጭ ካፖርት ባየ ቁጥር ይጮኻል። አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘውን ልጅዋን «በሩ ላይ ስንደርስ እየጮኸ አስቸገረኝ» ብላ ሁለት ቀን ቤት አቆየችው። ዐይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ አመጣችልን። ልጁ ዳነ፤ ብትዘገይ ኖሮ ግን አይተርፍም ነበር።

እንግዲህ ፍርሃቱ እንዲለቀው ልጁን መርፌ በሌለበት ቀንም፣ ክብደቱን ለማስመዘን ይዛችሁት ኑ። ክትባቱ ግን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዳይቀርበት፤ በዚያን ጊዜ ቢያለቅስም ጡት ስጡት፣ አባብሉት።

አሁን ወደ እጅ መታጠብ እንምጣ። መሶብ ሲቀርብ ልጆቻችን ማንም ሳያዛቸው እጃቸውን ለውሃ ይዘረጋሉ። ከመጸዳጃ ሲወጡ ግን አይታጠቡም፤ በዚያ የሚያስታውሳቸው ነገር የለማ! ስለዚህ የመጸዳጃው በር ላይ ውሃ ያለበት ጀሪካንና ሳሙና ይኑር፤ ሳሙና ቢታጣ አመድም ይሆናል። ልጁ በታጠበ ጊዜ ወዲያው «ጎበዝ!» በሉት። ማታ የሚሰጥ ምስጋና ለትንሽ ልጅ ከምን እንደ መጣ አይገባውም።

ደግሞ ልጅ ስኳር ብሎ ሲያለቅስ ዘጠኝ ጊዜ ከልክላችሁ በዐሥረኛው የምትሰጡ አላችሁ። እንዲህ ስታደርጉ ዐሥር ጊዜ ማልቀስ እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው።

ጀሪካኑ ባዶውን የሰነበተ እንደ ሆነም ልጁ አንድ ሁለት ቀን ነካ ነካ ያደርገውና ይተወዋል፤ ልማዱም እንደ ፓቭሎቭ ውሻ ምራቅ ይጠፋል። ማታ ማታ ውሃ የሚሞላበት ከታላላቆቹ አንዱ ይመደብ።