በሥራ ፍሬ የሚከፈል ምንዳና የስንብት ሙግት

ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ መንገደኛ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በር በፈረቃ መለወጫ ሰዓት ቢቆም፣ የእጃቸው ሥራ በቁጥር የሚመዘን ብዙ ወጣቶች ሲጎርፉ ይመለከታል። በስፌት መስመር ላይ የተቀመጠች ልጅ በሰዓት የምታወጣው ልብስ ከኮታው ጋር ተመዛዝኖ፣ ከኮታው ሲተርፍ ማበረታቻ ይታሰብላት ዘንድ ውል ቢኖራት፣ ጠቡ የሚፀነሰው ያ ተስፋ ሳይፈጸም ሲቀር፣ ወይም ውጤቷ ጎደለ ተብላ ስትሰናበት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስን፣ ኮሚሽንንና የተጨማሪ ውጤት ማበረታቻን ከደመወዝ ትርጓሜ ውጭ ቢያደርግም፣ በውል ወይም በኅብረት ስምምነት የታሰረ ቃል ግን ዕዳ ነው፤ ምጽዋት አይደለም። ሠራተኛው አቅሙ እያለው ውጤቱ በስምምነት ከተወሰነው መጠንና ጥራት በታች ሲሆን ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ቢፈቀድም፣ አሠሪው ብቻውን የቆረጠው ኮታ ለስንብት መሠረት ሊሆን አይገባውም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤት ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረውን ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመልሰዋል፣ አለዚያም የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ካሣ ያስከፍልለታል።

ይሁን እንጂ ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የሌላ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳልና፣ የምንዳው ስሌት በጽሑፍ ይስፈር፤ የውሉ ቅጅ ከሠራተኛው እጅ አይለይ፤ አሠሪውም ቃሉን እንደ ማኅተሙ ያክብር።