ጭቃ፣ ፀሐይና ሰም፦ የፋይበርግላስ ጀልባ በጣና

ከደብረ ታቦር በምሥራቅ በኩል የሚታየው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ክረምት ሲገባ ከቁልቁለቱ የሚታጠበውን አፈር የጉማራና የርብ ወንዞች ተሸክመው የፎገራን ሜዳ ያቋርጡና ጣና ላይ ያራግፉታል። በሐምሌና በነሐሴ የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደፍርሶ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ አፈር የተወሰነው ሐይቁ ላይ በሚመላለሱት ጀልባዎች ጎን ላይ ይቀራል፤ ሲደርቅም ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ጀልባውን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ ክብካቤ በጣና ላይ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሐይቁ ነባር መጓጓዣ ታንኳ ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ ይመጥጣል፤ ከጉዞ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ጥቂት ወራት አገልግሎ ሲዝል ሌላ ይታሰራል። ደንገሉ እዚያው ስለሚበቅል መተካቱ እንጂ መንከባከቡ ብዙ አያሳስብም። በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ዓሣ ማስገር ከገቡ ወዲህ ግን የሐይቁ ሥራ ተለውጧል። ዛሬ ከባሕር ዳር ተነሥተው ጎብኚና ተሳላሚ ወደ ገዳማቱ ከሚያመላልሱት ጀልባዎች መካከል የፋይበርግላስ ጀልባዎች አሉ። እነዚህ እንደ ታንኳው በየጥቂት ወሩ የሚተኩ አይደሉም። በአግባቡ ከተያዙ ዐሥርተ ዓመታት ያገለግላሉ፤ ካልተያዙ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደበዝዛሉ።

ፋይበርግላስ ማለት ቀጫጭን የመስታወት ክር በፖሊስተር ሬዚን ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኘው ጠንካራ ነገር ነው። የጀልባው አካል የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ቀለም የተቀላቀለበት ሬዚን ይቀባል፤ ከዚያ በላዩ የመስታወት ክሩ በድርብርብ እየተነጠፈ ሬዚን ይጠጣል። ደርቆ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ መጀመሪያ የተቀባው ሽፋን የጀልባው የውጭ ገጽ ሆኖ ይገኛል። ጄልኮት የሚባለው ይህ ነው። ዐይን የሚያየው ነጭነትና አንጸባራቂነት ሁሉ ያለው በእሱ ላይ ነው፤ ውፍረቱ ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በማሻሸት የተነሣ ጄልኮት አይመለስም። ስለ እጥበትም ሆነ ስለ ሰም የሚነገረው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ይህን ስስ ሽፋን ሳይጨርሱ ከማቆየት ሐሳብ ነው።

ትልቁ ጠላቱ ፀሐይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሬዚኑን ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል፤ ገጹ በጊዜ ብዛት ይሻክራል፣ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ጠመኔ የመሰለ ዱቄት ያወጣል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በዚያ ላይ በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከሐይቁ አናት በላይ ትቆማለች። በነሐሴም ዳግም ትመለሳለች፤ ያኔ ግን ደመናው ጥቂት ይከላከላል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ለሚሠራ ጀልባ የተጻፈ መመሪያ እንግዲህ ለጣና እንዳለ አይሠራም። እዚያ ዋናው ሥጋት ጨው ነው፤ የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ፀሐዩና ጭቃው ግን የበረቱ ናቸው።

እጥበቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቀዳሚው ሥራ ምንም ሳይነኩ ብዙ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ አሸዋው በውኃ ይውረድ እንጂ በእጅ አይገፋ። ቀጥሎ ለስላሳ ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ብሩሽ በለዘብተኛ ሳሙና ተነክሮ ይታሻል። የጀልባ ወይም የመኪና ማጠቢያ ሻምፖ ከተገኘ ደግ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ስብ ለመፍታት የተሠሩ ናቸውና ቆሻሻውን ሲያነሡ ገጹን የሚጠብቀውን ሰምም አብረው ያነሡታል። በረኪናና የብረት ድስት የሚፈተግበት ሽቦ ጭራሽ ወደ ጀልባው መቅረብ የለባቸውም፤ ሽቦው ከመጫሩ ሌላ ትቶት የሚሄደው ስብርባሪ ዝጎ ነጩን ገጽ ያዥጎረጉረዋል። ሳሙናው ሳይደርቅ መለቅለቅ፣ ከዚያም በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጠብታው በላዩ ከደረቀ በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ክብ ይተዋል። በውኃ የቀጠነ ኮምጣጤ ይህን ያነሣል፤ ወዲያው በደንብ መለቅለቅ አለበት።

በውኃው መስመር ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለበት ሌላ ጉዳይ ነው። የሚመጣው ከጭቃውና በውኃ ውስጥ ከሚበሰብሰው ዕፅዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል የታየው የእምቦጭ አረም የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ዳርቻ ከወረረ ወዲህ ደግሞ በዚያ በኩል የሚበሰብሰው ዕፅዋት በዝቷል። ይህን ቀለበት በጉልበት ፈግፍጎ ለማስለቀቅ የሚደረገው ሙከራ ጄልኮቱን ይጎዳል። ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ግን በጓንት ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቀለሙን ያለ ብዙ ትግል ያነሣዋል።

ከታጠበ በኋላ ገጹን በእጅ መፈተን ያስፈልጋል። በጥቁር ጨርቅ ሲጠረግ ነጭ ዱቄት ካልወጣና ውኃ ሲረጭበት ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ አሮጌው ሰም ገና አለ ማለት ነው። ውኃው ተኝቶ ከተነጠፈ ሰሙ አልቋል። ዱቄት ከወጣ ግን ሰም ብቻውን አያድነውም። በሞተ ገጽ ላይ የተቀባ ሰም ለአንድ ሳምንት ያህል ያሳምራል፣ ከዚያ ድብዘዛው ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ኮምፓውንድ በሚባለው ሻካራ ማሻሻ ቅባት፣ ቀጥሎ ከሱ በሚለሰልሰው ፖሊሽ የሞተውን ገጽ ማንሣት ግድ ነው። እዚህ ላይ የመኪና ቀለም ሠራተኞች እጅ ይጠቅማል፤ መሣሪያውም ዘዴውም ተመሳሳይ ነው። የማሻሻው ማሽን በዝግታ ይዙር፣ አንድ ቦታ አይቆይ፤ ግጭቱ የሚፈጥረው ሙቀት ጄልኮቱን ያቃጥላልና። ሠራተኛው አቧራውን እንዳይስበው ማስክ ያድርግ። ገጹ መብራት ሲጀምር ማቆም ይሻላል፤ ተጨማሪ ማሻሸት ብልጭታውን ጥቂት ቢጨምርም ከግማሽ ሚሊሜትሩ ላይ እየቀነሰ ነው።

ሰምን በተመለከተ የአማራ ክልል አንባቢ ሩቅ አገር የሚሄድ አይመስለውም። የንብ ሰም በየቤቱ ጧፍ የሚሠራበት ነው፤ ጀልባስ ለምን አይቀባበትም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ሙቀት ላይ ነው። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ለጀልባ የተመረጠው ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው፤ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፣ ሲደርቅም ጠንካራ ነው። ከፋብሪካ የሚወጡ ፖሊመር መከላከያዎች ከሱም በላይ ይቆያሉ፤ ብልጭታቸው ግን የካርናውባን ያህል አይሞቅም ይባላል።

አቀባቡ ቀላል ነው። ጀልባው ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ገጹ ይቀዝቅዝ። ሰሙ በጥቂት በጥቂቱ በስሱ ይቀባ፤ ጭጋግ መስሎ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል። ወፍራም ሽፋን መከላከያ አይጨምርም፣ ለመወልወል ግን ያስቸግራል። በጣና ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ማድረጉ ምክንያታዊ ነው፦ አንዱ ጭቃው ከሰከነ በኋላ በጥቅምት፣ ሌላው ያ የሚያዝያ ፀሐይ ሳይደርስ በመጋቢት። ዘወትር ውኃ ውስጥ የሚውለው የሆዱ ክፍል ሰም አይቀባም፤ ሰሙ እዚያ አይቆይም፣ በኋላ መከላከያ ቀለም ለመቀባት ሲታሰብም ቀለሙ እንዳይይዝ ያደርጋል። ከሁሉ የረከሰው መከላከያ ግን ሸራ ነው። ሥራ ፈትቶ የቆመ ጀልባ አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ከተሸፈነ ሰሙ ዕድሜው ይረዝማል።

እጥበቱ የት እንደሚደረግም መታሰብ አለበት። ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ከዚህ ሐይቅ ውጪ የማይገኙት የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች 15 ገደማ ሲሆኑ ከእነሱ የተወሰኑት በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ። የኮምፓውንድ አቧራና የአሲድ እጣቢ በወንዙ አፍ ወይም በደንገሉ መካከል መፍሰስ የለበትም። ጀልባው ወደ ደረቅ መሬት ተስቦ ከዳሩ ራቅ ብሎ ቢታጠብ እጣቢው መሬት ይሰርጋል፤ የኮምፓውንድ ጨርቅና ዝቃጩ ደግሞ በከረጢት ተይዞ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል።